ልክ

«ልክሽን እወቂ» እየተባልሁ ነው ያደግሁት፤
ልኬን ማን ለክቶት ነው፣ ስንት ነው ብለው ያወቁት?

የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አዘዞ፣ ወፍጮ ቤት፣
ቀበቶው ጎተተኝ፤ ወሰደ በቅጽበት
ግራዬን ካንጓዬ፣ ከቀኜ አራት ጣት።
ዱቄቱ ተደፋ፣ እኔ ተረፍሁ በሕይወት።

ከዚያ ወዲህ እጄ እህቴ ትጓደድ ናት።
የቀሚሴን ቁልፍ ቆልፋ፣ ጸጉሬን የምታበጥር፣
«ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ እዚያ» ባልኋት ቁጥር
ሳይሰለቻት ለጀርባዬ ጥፍሯን የምታውስ፤
ሠርጓን ሁለት ጊዜ ያስተላለፈች፣ እኔን ልታለብስ።

አንድ ጊዜ እጅ መጣ፣ በካርቶን ታሽጎ፣
የማያውቀኝ ደግ ሰው፣ ከባሕር ማዶ፣ ለግሶት በበጎ።
ቀለሙ የጽጌረዳ፣ መጠኑ የወንድ፤
አጥልቄው ብወጣ የሠፈር ልጆች ተበተኑ በመንገድ።
ዛሬም ቁም ሣጥኑ ላይ አለ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣
ከጣሪያው የሚወርደውን አቧራ ተመጽውቶ።

ይርሳው በር ሠሪ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ፣
ላሜራ ለአጥር፣ ብረት ለመዝጊያ፤
ዓይኑ ከብየዳ ብልጭታ የቀላ፣
ከአፉ ቃል የማይወጣው ልቡ ሳያብላላ።
«ምን ሆነሽ ነው?» አላለም፤ «እግዜር ይማርሽ»ም አላለኝ፤
«ብቻሽን ማድረግ የምትፈልጊው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ማንም ጠይቆኝ አያውቅ፤ ምላሴ ተሳሰረ፤
መብላት ልበል? መጻፍ? ሁሉም ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
«በሬን» አልሁት ኋላ፣ «በሬን ከውስጥ መቆለፍ።»
ቀና ብሎ አየኝና ጀመረ መጻፍ።

በሲባጎ ለካኝ፣ ከክርን እስከ አንጓ፣ ከአንጓ እስከ ጠባሳ፤
ብቻዋን የቀረች አውራ ጣቴን አጎነበሰ፣ አነሣ፤
እሸት እንደሚፈትሽ ገበሬ ዳበሰ፣
ተጫነ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ተመለሰ።
ደብተሩን ሰርቄ አየሁት፤ ከላይ የአንድ ሀብታም አጥር፣
ከታች የመስኮት ፍርግርግ፣ መሐል ላይ በእርሳስ ቁጥር፦
«ፈንታነሽ። ቀኝ። አሥራ ዘጠኝ በስድስት ተኩል።»
ይኸው ልኬ! ይኸው! አይተርፍ፣ አይጎድል።

የመጀመሪያው ከበደ፤ ሁለተኛው ቆዳዬን በላ፤
ሦስተኛው መልካም ነበር፣ ቁልፉን ሲያዞር ግን ላላ።
አራተኛው ከብስክሌት ሽቦ፣ ከአሮጌ ኮርቻ ቆዳ፣
ጫፉ ላይ መንጠቆ፣ አፉ ለቁልፍ የተሰናዳ።
«ስንት ልክፈል?» አልሁት። «እጅ አይሸጥም እኔ ዘንድ፤
የእጀታ ዋጋ ስጪ» አለና ተመለሰ ወደ ብረት ማንደድ።

በግንቡ አጥር ሥር ሳልፍ ያን ሰፊ በር አየሁት፤
ለፈረስ ከነጋላቢው ልክ አድርገው ነው የሠሩት።
ንጉሥም በሩ ባይለካለት ጎንበስ ይል ነበራ!

ማታ ትጓደድ ወጣ ስትል በሩን ገፋሁት በክርኔ፤
ቁልፉ ሁለቴ አመለጠኝ፤ ላቤ ገባ ከዓይኔ።
በሦስተኛው፣
ቋ!

ከዚያ ዝም።
እኔና ግድግዳው። እኔና የራሴ ትንፋሽ።
ከደጅ፦ «ፈንቴ? ምነው? ምን ሆንሽ?»
«ምንም።»
«ክፈቺ እንግዲህ።»
«ቆዪ» አልኋት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ
«ቆዪ» ባይዋ እሷ ነበረች፤ እኔ ጠባቂ ለሁሉ።

በበሩ ስንጥቅ አየኋት፣ አንዴ ነጠላዋን ይዛ፣
አንዴ ለቅቃ፣ ሥራ እንደፈታ ሰው ተክዛ፤
ሁለት ጤነኛ እጆቿን የት እንደምታኖር ጠፍቷት።

አፌን ከቁልፉ ቀዳዳ አስጠግቼ ጠየቅኋት፦
«ትጉ፣ አንቺስ? ብቻሽን ማድረግ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

አልመለሰችም። ውሻ ጮኸ፤ ባጃጅ ዳገቱን ወጣ፤
ከእሷ ግን ቃል አልመጣ።

ለካ እሷንም
ማንም ሰው ለክቷት አያውቅም።